ያርሳጉምባ፦ ከትል ራስ ላይ የሚበቅለው የሂማላያ እንጉዳይ

ያርሳጉምባ በቲቤት አምባና በሂማላያ ተራሮች ብቻ የሚገኝ እንጉዳይ ነው። የሚበቅለው ከአንድ የእሳት ራት እጭ ራስ ላይ ነው። ኔፓሎች ያርሳጉምባ፣ ቲቤቶች ያርሳ ጉንቡ፣ ቻይናውያን ደግሞ ዶንግ ቾንግ ሺያ ካኦ ይሉታል። የሳይንስ ስሙ ኦፊዮኮርዲሴፕስ ሳይነንሲስ ነው። በገበያ ላይ ባጭሩ «ኮርዲሴፕስ» ተብሎ ይሸጣል፤ ይህ አጠራር ግን ሌሎች ዘመዶቹንም ስለሚያጠቃልል ገዢን ያምታታል። እኛ አገር የሩጫ ወዳጆች ስሙን የሰሙት በአብዛኛው ከቻይና ሯጮች ጋር ተያይዞ ነው። ወደዚያ እንመጣለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአበቃቀሉ ነገር ተረት ይመስላል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ያለው ሣራማ ተዳፋት ነው። እጮቹ አፈር ውስጥ የዕፅዋት ሥር እየበሉ ለዓመታት ይኖራሉ። ስፖር የሚባለው ዱቄት መሰል የእንጉዳዩ ዘር እጩን ያገኝና ይገባበታል። ከዚያ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ቆዳው ግን እንዳለ ይቀራል። እጩ ከመሞቱ በፊት ወደ አፈሩ ገጽ ተጠግቶ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ይደርቃል። በረዶው ሲቀልጥ ከራሱ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ግንድ ብቅ ይላል። የክብሪት እንጨት የመሰለ ቀጭን ነገር ነው። ወደ ሰሜን ተራሮቻችን ሄዶ የሚፈልገው ካለ ይተወው፤ ያ የእሳት ራት በሌለበት ይህ እንጉዳይ የለም።

የመልቀሚያው ወቅት በተለይ ሜይና ጁን ነው። በምዕራብ ኔፓል ዶልፓን በመሳሰሉ ወረዳዎች መንደሩ ባዶ ይቀራል። ቤተሰብ ልጅ ሳይቀር ድንኳኑን ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ትምህርት ቤቶችም በዚያ ሰሞን ይዘጋሉ። ለቀማው የሚሠራው በጉልበት እየዳኹ ነው። ግንዱ ከመሬት ብቅ የሚለው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ቀለሙም ከደረቀው ሣር አይለይም። ያገኘ ሰው ግንዱን ይዞ አይጎትትም። ዙሪያውን በትንሽ መቆፈሪያ ፈንቅሎ አፈሩን ከነእንጉዳዩ ያነሳዋል። ትሉና ግንዱ ከተለያዩ ዋጋው ይወድቃላ! ማታ ድንኳን ውስጥ እያንዳንዱ በጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ከዚያ ይደርቃል። ነጋዴው የሚያየው የትሉን ውፍረት፣ ቀለሙንና ጥንካሬውን ነው። የተሰበረውን በስንጥር ወይም በቀጭን ሽቦ ሰክቶ ሙሉ አስመስሎ የሚሸጥም አይጠፋም። ሽቦው ሚዛንም ያነሳል።

ጥሩ ጥሩው በትልልቆቹ የቻይና ከተሞች ከወርቅ በላይ የተሸጠበት ጊዜ አለ። ቲቤት ውስጥ ለብዙ የገጠር ቤተሰብ ዋናው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ይኸው ነው። ኔፓል ለቀማውን በ2001 ሕጋዊ አደረገች፤ ቡታን በ2004 ለደጋ ነዋሪዎቿ ፈቀደች። ገንዘብ ባለበት ጠብ አለና፣ በ2009 ኔፓል ማናንግ ወረዳ ውስጥ ከሌላ አካባቢ ለለቀማ የመጡ 7 ሰዎች በአንድ መንደር ነዋሪዎች ተገድለዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ 19 የመንደሩ ሰዎች ተፈረደባቸው።

የጥንቱ ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የቲቤት ሐኪም ስለሱ ጽፏል፤ በ1694 የቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ናሙናውን ፓሪስ አደረሱት። በ1843 የእንግሊዙ ቄስና የእንጉዳይ አጥኚ ማይልስ በርክሊ የሳይንስ ስም አወጣለት፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2007 ነው።

በዓለም ዙሪያ እንዲወራለት ያደረገው ግን 1993 ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና የቻይና ሴቶች የ1500፣ የ3000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆችን ጠራርገው ወሰዱ። በ3000 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የገቡት እነሱው ናቸው። በቀጣዩ ወር ቤጂንግ ላይ የአገራቸው ጨዋታዎች ተካሄዱ። ሴፕቴምበር 8 ዋንግ ጁንሺያ 10,000 ሜትርን በ29:31.78 ጨረሰች። የቀድሞው ክብረ ወሰን የኖርዌይዋ ኢንግሪድ ክሪስቲያንሰን 30:13.74 ነበር። 42 ሰከንድ ገደማ በአንድ ቀን! ሴፕቴምበር 11፣ በእኛ የእንቁጣጣሽ ዕለት ማለት ነው፣ ቹ ዩንሺያ 1500 ሜትርን በ3:50.46 ገባች። ለ13 ዓመት የቆየው የሶቪየቷ ካዛንኪና ሰዓት ተሰበረ። ሴፕቴምበር 13 ደግሞ ዋንግ 3000 ሜትርን በ8:06.11 ሮጠች።

ዓለም «ምን በልተው ነው?» አለ። አሠልጣኛቸው ማ ጁንረን መልስ አላጣም። ከባድ ልምምድ፣ የኤሊ ደምና ይህ የትል እንጉዳይ ነው አለ። ወሬው በየጋዜጣው ዞረ፤ የእንጉዳዩም ገበያ ከዚያ በኋላ ከአገሩ ወጣ። ማስታወቂያ እንዲህ ይሠራል!

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእንጉዳዩ ዝና ብዙም የሚመች አይደለም። በ2000 ከሲድኒ ኦሊምፒክ በፊት ቻይና በርካታ አትሌቶቿን ከቡድኑ ስትቀንስ፣ ከማ ሰባት ሯጮች ስድስቱ አጠራጣሪ የደም ምርመራ ውጤት ተገኝቶባቸው ቀሩ። በዚያው ሲድኒ 10,000 ሜትሩን ደራርቱ ቱሉና ጌጤ ዋሚ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ጨረሱት። በ2016 ደግሞ ዋንግና የቡድን ጓደኞቿ በ1990ዎቹ ጽፈውታል የተባለ ደብዳቤ በቻይና መገናኛ ብዙኃን ወጣ። ደብዳቤው የተከለከለ መድኃኒት እንዲወስዱ ይገደዱ እንደነበር ይናገራል። አሠልጣኙ ክሱን ሲያስተባብል የኖረ ሰው ነው፤ ሰዓቶቹም አልተሰረዙም። ስለዚህ የመጨረሻውን ፍርድ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። ትል ብቻ በልቶ 42 ሰከንድ መቀነስ ግን አይዋጥም።

ክብረ ወሰኖቹን ማን እንደሰበረ ለአማርኛ አንባቢ መንገር ለቀባሪው እንደማርዳት ነው፤ ቢሆንም ይጻፍ። 1500ውን የበቆጂዋ ገንዘቤ ዲባባ በጁላይ 2015 ሞናኮ ላይ በ3:50.07 ሰበረችው። 10,000ውን አልማዝ አያና በኦገስት 2016 ሪዮ ላይ በ29:17.45 አወረደችው፤ ከ14 ሰከንድ በላይ ቀነሰች ማለት ነው። አልማዝንም በጥርጣሬ ያዩ ነበሩ። እሷም ልምምዷንና እምነቷን ጠቅሳ፣ ዶፒንጌ ኢየሱስ ነው ብላ ዘጋችው። ሁለቱም ሰዓቶች ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። በ10,000ው ለተሰንበት ግደይ በ2021 ወደ 29:01.03 ካወረደችው በኋላ አሁን ያለው በኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት እጅ ነው።

እንጉዳዩ በባህላዊ ሕክምና የሚሰጠው ለኩላሊት፣ ለሳንባ፣ ለድካምና ለወንድነት ነው። በቻይና ከዳክዬ ጋር ይቀቀላል፣ በሾርባ ይገባል፣ አልኮል ውስጥም ይዘፈዘፋል። ለአለቃና ለባለሥልጣን የሚሰጥ የክብር ስጦታም ነው። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። በ2004 በታተመ አንድ ጥናት የሠለጠኑ ብስክሌተኞች ለ5 ሳምንት ከእንጉዳዩ የተብላላ ዝግጅት ወስደው በጽናታቸው ላይ ለውጥ አልታየም። በርግጥ የወሰዱት ከተራራ የተለቀመውን አይደለም። ሻጮችም ይህን ነጥብ አጥብቀው ይይዛሉ።

እውነተኛው ተአምር ያለው ዘመዶቹ ዘንድ ነው ባይ ነኝ። ከኖርዌይ አፈር የተገኘው ቶሊፖክላዲየም የተባለ ፈንገስ ሳይክሎስፖሪንን ሰጠ። ይህ መድኃኒት ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት ወይም ልብ እንዳይገፋ ያደርጋል። አሜሪካ ውስጥ በ1983 ተፈቅዶ የአካል ንቅለ ተከላን ታሪክ ቀየረ። ሌላው፣ ነፍሳት ላይ የሚያድግ ዘመዱ፣ ለፊንጎሊሞድ መነሻ ሆኗል። እሱም በ2010 መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው የነርቭ በሽታ የተፈቀደ እንክብል ነው። ሁለቱም ከላቦራቶሪ ወጥተው፣ በመጠን ተለክተው፣ በሕመምተኛ ላይ ተሞክረው ነው እዚያ የደረሱት። ያርሳጉምባ ይህን መንገድ ገና አልሄደበትም።

ጉዳት የለውም ማለትም አይቻልም። በ2016 የቻይና የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ከእንጉዳዩ በተሠሩ ምርቶች ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የተገኘው አርሴኒክ በኪሎ ከ4.4 እስከ 9.9 ሚሊግራም ነበር፤ ለጤና ምግብ የተፈቀደው 1 ሚሊግራም ነው። እንጉዳዩ ራሱም አደጋ ላይ ነው። ለቀማው በዝቶበት፣ የአየር ንብረቱም ተለውጦበት፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 ለጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች ጎራ መድቦታል።

ዛሬ በየሱቁና በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጠው «ኮርዲሴፕስ» አብዛኛው ያርሳጉምባ አይደለም። ኮርዲሴፕስ ሚሊታሪስ የሚባል ብርቱካንማ ዘመዱ ነው፤ ሩዝ በመሰለ እህል ላይ በብልቃጥ ይለማል። ጣሳው ላይ የሂማላያ ተራራ ሥዕል ቢኖርም ስሙን ማንበብ ነው። ሯጮች ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። ኮርዲሴፕስ በዓለም አቀፉ የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። የሚያሰጋው በምግብ ማሟያነት የሚሸጠው ምርት ውስጥ ሳይጻፍ የሚቀላቀለው ነገር ነው። ምርመራ ላይ ከተገኘ «አላወቅኩም ነበር» ማለት ብቻውን አያድንም፤ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ሯጩ ራሱ ነው።