የጎልፍ ሜዳና ሐይቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሣሩ ለምለም ከሆነ ውሃውም ጤነኛ ነው»
ለምለምነቱ በአብዛኛው የማዳበሪያ ውጤት ነው፤ ሣሩን ያሳደገው በማዳበሪያው ውስጥ ያለ ፎስፈረስ የሚባል ንጥረ ነገር ሐይቅ ሲገባ ደግሞ አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርግ ደቃቅ ተክል መሰል ሕይወት) ያሳድጋል። በ1973 እ.ኤ.አ. የሐይቅ ተመራማሪው ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ በካናዳ ኦንታሪዮ ቁጥር 226 የሚባለውን ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በአንዱ ብቻ ፎስፈረስ ጨመሩ። አረንጓዴ የሆነው ፎስፈረስ የገባበት ወገን ነበር። ብዙ ሐይቅ በአልጌ እንዲሸፈን በሊትር በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) ፎስፈረስ ይበቃል። ከሜዳ የሚያመልጠው ትንሽ ነው ብሎ መዘናጋት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ሣር ሁሉን ያጣራል»
ግማሹ እውነት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ጎርፍን ያዘገያል፣ አፈርን ይይዛል። ነገር ግን ኳሷ የምትገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ሣር ብዙ ጊዜ በአሸዋ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ከሥሩም ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ተቀብረዋል። በውሃ የሚሟሟው ናይትሬት (በማዳበሪያ ውስጥ ያለ የናይትሮጅን ውህድ) በአሸዋው አልፎ ቱቦው ውስጥ ይገባል። የቱቦው አፍ ኩሬ ላይ ከተከፈተ በዳር ያለው ሣር ሊያጣራው አይችልም። ማዳበሪያ በተረጨ ማግስት ከባድ ዝናብ ቢመጣ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ሜዳው ሲሠራ ያለው ጊዜ ይመስለኛል፤ የተራቆተው አፈር ፎስፈረሱን ተሸክሞ ይወርዳል፣ ዓሣ እንቁላል የሚጥልበትንም ጠጠር በደለል ይሸፍናል።

«የተፈጥሮ ማዳበሪያ አይጎዳም»
ፍግም ፎስፈረስ አለው፤ ብዙ ጊዜም ሣሩ ከሚፈልገው በላይ።

«አልጌውን በመድኃኒት ማጥፋት ይበቃል»
ኮፐር ሰልፌት የሚባለው የመዳብ ውህድ አልጌን ይገድላል። የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ግን ባክቴሪያዎች የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ጎህ ሲቀድ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ውሃው ገጽ ላይ ሲያለከልኩ የሚታዩት ያኔ ነው። መዳቡ ደለሉ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፎስፈረሱም ተመልሶ ሌላ አልጌ ያበቅላል።

«የጎልፍ ሜዳ ሁሉ ሐይቅ ያጠፋል»
ይህም ልክ አይደለም። በደንብ የተያዙ የሜዳ ኩሬዎች እንቁራሪትና የውኃ ተርብ ያኖራሉ። አፈሩን አስመርምሮ ፎስፈረስ በማይጎድልበት ቦታ አለመጨመር፣ በዳርቻው የማይታጨድ ረጅም ሣር መተው፣ ቱቦውን ወደ ደንገል ረግረግ ማዞር ብዙ ይለውጣል። የታጨደውንም ሣር ውሃ ውስጥ አለመጣል ነው፤ እሱም ፎስፈረስ ይዟል።