ስለ ዋሽንግተኑ የሆሎኮስት ሙዚየም የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ሞል አጠገብ ያለው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ከተከፈተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዘመኑ 1993 ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዲሲና አካባቢው ሐበሻ የሞላበት ነው። ያም ሆኖ ስለዚህ ቤት በመካከላችን የሚወራው ከኤግዚቢሽኑ አዳራሽ አያልፍም። የትምህርት ክፍሉንና ቤተ መጻሕፍቱን የሚያነሳ ጥቂት ነው፤ የሚያነሳውም ብዙ ጊዜ አሳስቶ ነው።

“የአይሁዶች ታሪክ ነው፤ እኛን አይመለከተንም”

የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው። ሆሎኮስት የሚባለው ናዚ ጀርመንና ተባባሪዎቿ ስድስት ሚሊዮን አይሁዶችን የፈጁበት ዘመቻ ነው፤ ሙዚየሙም “ሁሉም ተጎድቷል” ብሎ አያድበሰብሰውም። ሮማ በሚባለው ሕዝብ (“ጂፕሲ” ይባሉ በነበሩት)፣ በአካል ጉዳተኞች፣ በፖላንዳውያን፣ በሶቪየት ምርኮኞች ላይ የደረሰውን ደግሞ እያንዳንዱን ለብቻው፣ ከነምክንያቱ ያስተምራል። በ1937 በምዕራብ ጀርመን በሚገኘው ራይንላንድ ከጥቁር አባቶችና ከጀርመን እናቶች የተወለዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች በድብቅ እንዲመክኑ ተደርገዋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ስሕተት ነው። በዚያው በ1937 ፋሺስት ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቷ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር አዋጅ አወጣች። የጣሊያን አይሁዶችን ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ ያባረሩት ሕጎች የመጡት በማግሥቱ ዓመት፣ በ1938 ነው። የሮምን የዘር ሕግ ሐበሻ ቀድሞ ቀምሶታል። ከጦርነቱ በኋላም የተባበሩት መንግሥታትን የዘር ማጥፋት ስምምነት ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፣ በጁላይ 1949። ወንጀሉ በ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ገባ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በ2006 በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉት በዚሁ ሕግ ነው።

“ልጆችን በሬሳ ፎቶ ያስደነግጣሉ”

ሙዚየሙ ዋናውን ኤግዚቢሽን ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመክርም። ለመምህራን ያወጣው መመሪያ ደግሞ አሰቃቂ ምስል ለትምህርቱ የግድ ካላስፈለገ አይታይ ይላል። ተማሪው በድንጋጤ ዓይኑን ከጨፈነ ምን ሊማር?

መመሪያው ከዚህም ይጠነክራል። ግማሹን ክፍል ጠባቂ፣ ግማሹን እስረኛ አድርጎ ማጫወት አይመከርም። አሳቢ የሆኑ መምህራን ጭምር “ስሜቱን ይረዱት” ብለው ያደርጉታል። ውጤቱ ግን ተማሪው ከአርባ ደቂቃ ጨዋታ በኋላ የናዚ እስር ካምፕ ኑሮ ምን እንደሚመስል ያወቀ ይመስለዋል፤ አለዚያም ጨዋታው ብቻ ትዝ ይለዋል። በእኛም ቤት የመታሰቢያ በዓል ሲመጣ ልጆችን ድራማ ማሠራት ይወደዳልና፣ ይህን ምክር የሰንበት ትምህርት ቤትና የኮሚኒቲ አስተማሪዎች ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

በምትኩ የሚመክሩት ቁጥሩን ወደ ሰው መመለስ ነው፦ የአንዲት ልጅ ማስታወሻ ደብተር፣ የአንድ ቤተሰብ ፎቶ፣ ከጌቶ (አይሁዶች ተከልለው እንዲኖሩ ከተገደዱበት ሰፈር) የተላከ ደብዳቤ። ኤግዚቢሽኑን ለሚጎበኝ ሰው በዘመኑ የኖረ አንድ እውነተኛ ሰው ታሪክ ያለበት ትንሽ መታወቂያ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው።

“ሁሉም የሞተው በመርዝ ጋዝ ነው”

አይደለም። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ አይሁዶች የተገደሉት በጥይት ነው፤ ብዙዎቹም በገዛ መንደራቸው ጫፍ፣ ጎረቤት እያየ።

“ቤተ መጻሕፍቱ ለፕሮፌሰሮች ነው”

ለማንም ክፍት ነው። መጽሐፍ ወደ ቤት አይወሰድም እንጂ ተቀምጦ ማንበብ በነፃ ነው፤ ስብስቡም እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፣ የብዙ ቋንቋ ነው። ባለሙያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪንም፣ የጠፋ ዘመድ የሚፈልግንም ሰው ይረዳሉ። ጀርመን ባድ አሮልሰን የሚገኘው የናዚ ሰለባዎች መዝገብ ቤት የ17.5 ሚሊዮን ሰዎችን ስም የያዘ ሲሆን እስከ 2007 ድረስ ለተመራማሪ ዝግ ነበር። ዛሬ ቅጂው ዋሽንግተን አለ፤ የዘመድ ፍለጋ ጥያቄ ለሚያቀርብም ክፍያ የለም።

“ሰነዱ ሁሉ ገዳዮቹ የጻፉት ነው” የሚል ሌላ ሐሳብም አብሮ ይነሳል፤ እሱም ስሕተት ነው። በዋርሶ ጌቶ የታሪክ ምሁሩ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም በኅቡዕ አንድ ቡድን አደራጅቶ ነበር። ቡድኑ ማስታወሻ፣ የልጆች ድርሰት፣ የራሽን ካርድ፣ የከረሜላ መጠቅለያ ሳይቀር ይሰበስብ ነበር። ሁሉንም በብረት ሣጥንና በወተት ማጓጓዣ ጋን እያደረጉ ቀበሩት። ሪንገልብሉም በ1944 ተገደለ፤ ከቡድኑ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። የት እንደተቀበረ የሚያውቁት መርተው አንዱ ክፍል በ1946 ተቆፍሮ ወጣ፤ ሌላው በ1950 ተገኘ፤ ሦስተኛው ግን እስካሁን አልተገኘም። ከጋኖቹ አንዱ ዋሽንግተን ሙዚየሙ ውስጥ ቆሟል። እኔን እዚያ ከሚታየው የሟቾች ጫማ ክምር ይልቅ ያስቆመኝ እሱ ነው።

“የሚማረው ተማሪ ብቻ ነው”

በ1998 የዲሲው ፖሊስ አዛዥ ቻርልስ ራምዚ ሙዚየሙን ጎብኝተው “ያኔ ፖሊሱ ምን ይሠራ ነበር?” የሚል ጥያቄ ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ በ1999 የፖሊሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ በኋላም ለዳኞችና ለወታደሮች ተስፋፋ። ትምህርቱ ሐዘን ላይ አያተኩርም። ተራ ባለሥልጣን በየትኛው ፊርማ፣ በየትኛው ትእዛዝ ተባባሪ እንደሆነ ነው የሚመረመረው።

“እምቢ ያለ ይገደል ነበር” የሚለው ማመካኛም እዚህ ላይ ይፈተሻል። ሎታር ክሬይሲግ የብራንደንቡርግ ዳኛ ነበር። በአሳዳጊነት የሚከታተላቸው የአእምሮ ሕሙማን እየተወሰዱ መሞታቸውን ሲያይ፣ በ1940 ለፍትሕ ሚኒስትሩ ጻፈ። የግድያው ትእዛዝ ከሂትለር ከራሱ እንደመጣ ቢነገረውም አልተመለሰም። አልታሰረም፣ አልተገደለም፤ ጡረታ አስወጡት፣ እርሻው ላይ ኖረ፣ ያረፈውም በ1986 ነው። ሌሎቹ ዳኞች ግን ዝም አሉ።

“መግቢያው ውድ ነው”

መግቢያ በነፃ ነው። ለዋናው ኤግዚቢሽን ሰዓት የተጻፈበት ትኬት ያስፈልጋል፤ በኢንተርኔት ቀድሞ ሲያዝ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይኖረዋል። በአሜሪካ ፀደይና በጋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለሚበዛ ከነልጆቻችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ለቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ የሚከፈትበትን ሰዓት ደውላችሁ አረጋግጡ፤ የምትፈልጉትን ስም ወይም የከተማ ስም ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሥራው ይቀላል።