«ማሽኑ ተበላሸ» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ስፌትና ጥልፍ ማሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማሽን አስቸገረ ሲባል የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ካቻቪቴ ነው። እባካችሁ አስቀምጡት። ቤት ውስጥ የምንሠራበት ማሽን ሲያመናጭቅ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገር አያልፍም፦ ክሩ በትክክል አልገባም፣ መርፌው ደክሟል፣ ወይም ውስጡ ብናኝ ሞልቷል። ሦስቱም የማሽኑን ውስጥ መፈታታት አይፈልጉም። ሰው ግን ሌላ ነገር ያምናል፣ እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ክር ከጨርቁ ስር ከተተበተበ ጥፋቱ የቦቢኑ ነው።»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይሄ ነው። ቦቢን ማለት የታችኛው ክር የተጠቀለለበት ትንሽ ጥቅል ነው። ችግሩ የሚታየው ታች ስለሆነ ሰው ታች ይፈልጋል፤ ቦቢኑን ያወጣል፣ ይመልሳል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ያው ነው። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው ላይ ነው። የላዩ ክር ወደ መርፌው ሲወርድ በሁለት ትንንሽ ዲስኮች መሃል ያልፋል፣ ውጥረቱን የሚሰጡትም እነሱ ናቸው። ጨርቅ የሚጫነው እግር ወርዶ እያለ ክር ካስገባችሁ ዲስኮቹ ስለተጣበቁ ክሩ መሃላቸው አይገባም፣ ላያቸው ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ያኔ መርፌው ይዞት የወረደውን ክር በልኩ ወደ ላይ የሚመልሰው ስለማይኖር ትርፉ ሁሉ ታች ይከማቻል።

መፍትሔው ቀላል ነው። እግሩን አንሱ፣ የላዩን ክር ሙሉ በሙሉ አውጡና እንደገና ከመጀመሪያው አስገቡ። ከፍ ዝቅ በሚለው ክንድ ቀዳዳ ውስጥ ማለፉንም እዩ፣ እሱ መዘለል ይወዳል። ከዚያ ሞክሩት፦ እግሩን አውርዳችሁ ክሩን በእጃችሁ ስትስቡ እንቢ ማለት አለበት፣ እግሩን ስታነሱ ደግሞ በቀላሉ መምጣት አለበት። ልዩነት ካልተሰማችሁ ክሩ ዲስኮቹ ውስጥ የለም፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

እግረ መንገዴን፣ ክር ስትቀይሩ ወደ ኋላ አትጎትቱት። ከጥቅሉ አጠገብ ቁረጡና በመርፌው በኩል ሳቡት። ወደ ኋላ የተጎተተ ክር ብናኙን ይዞ ዲስኮቹ መሃል ይተወዋል።

«መርፌ እስኪሰበር ድረስ ይሠራል።»

ይሠራማ፣ ግን እንዴት? በልምድ የሚባለው በግምት ከ8 ሰዓት ስፌት በኋላ ይቀየር ነው፣ ወፍራምና ጠንካራ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በፊት። የደነዘዘ መርፌ ጨርቁን ሲወጋ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ የጨርቁን ክር ይመዛል፣ ስፌት ይዘላል። ስፌት ሲዘል ብዙ ሰው «ታይሚንጉ ተዛብቷል»፣ ማለትም መርፌውና ከታች ክሩን የሚይዘው መንጠቆ በጊዜ አይገናኙም ብሎ ይደመድማል። ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ መርፌ ቀይሩ፣ ከማሽኑ ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። መጣመሙን ለማወቅ ጠፍጣፋ ጎኑን መስታወት ላይ አስተኙትና ከጎን ተመልከቱት፤ በመርፌውና በመስታወቱ መሃል ያለው ክፍተት እስከ ጫፉ እኩል ካልሆነ ጣሉት። አዲሱን ስታስገቡ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፉት። በብዙ የቤት ማሽን ጠፍጣፋው ጎን ወደ ኋላ ነው የሚዞረው።

ቁጥሩም ትርጉም አለው። 80/12 ላይ ያለው 80 የመርፌው ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ለስስ ጨርቅ 70/10፣ ለመካከለኛ 80/12፣ ለጂንስ 90/14 ወይም 100/16፣ ለጥልፍ ብዙ ጊዜ 75/11። የሚለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ጫፉ ክብ የሆነ መርፌ ያስፈልጋል፣ ሹሉ ስፌት እየዘለለ ያናድዳችኋል።

«ዘይት ዘይት ነው።»

አይደለም። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ማሽኑንም ያስረዋል። ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይም ቢሆን የማሽን ዘይት አይተካም። ቀለም የሌለው የስፌት ማሽን ዘይት ብቻ፣ እሱም ጠብታ። አንዳንድ ኮምፒውተር ያላቸው ማሽኖች ደግሞ ጭራሽ በባለቤቱ ዘይት እንዲደረግላቸው አይፈልጉም፣ ስለዚህ መመሪያውን አንብቡ። ዘይት ካደረጋችሁ በኋላ መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፉ፣ አለዚያ ነጩ ሸሚዝ ላይ ነጠብጣቡን ታዩታላችሁ።

«ብናኙን እፍ ብሎ ማስወጣት ነው።»

እፍ ስትሉ ብናኙ አይወጣም፣ ወደ ውስጥ ይገባል። የአፍ እርጥበት ደግሞ ብረት ላይ ዝገት ያመጣል። በቆርቆሮ የሚሸጠው አየርም ያው መግፋት ነው። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ መርፌውንና ከሥሩ ያለውን ሳህን አውጡ፣ በብሩሽ ጥረጉ። ጨርቁን የሚያራምዱት ጥርሶች መሃል ብናኙ ተጠቅጥቆ ምንጣፍ መስሎ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ጨርቅ «አልሄድ አለ» የሚባለው አንዳንዴ በሱ ምክንያት ነው። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ሲመለስ ታመሰግኑታላችሁ።

«ቦቢን ሁሉ አንድ ነው» የሚለውም ሐሰት ነው። በዓይን የሚመሳሰሉ ግን ቁመታቸው የሚለያይ አሉ። ለማሽናችሁ የተሠራውን ብቻ ተጠቀሙ።

«ጥልፍ በሁለቱም በኩል እኩል ማማር አለበት።»

ለተራ ስፌት እሺ፣ ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መሃል ነው መገናኘት ያለባቸው። በጥልፍ ግን የላዩ ክር ትንሽ ወደ ታች መዞር አለበት። ሰፋ ያለ ቅርጽ ስትጠልፉ ገልብጣችሁ እዩት፦ የቦቢኑ ክር መሃል ላይ አንድ ሦስተኛውን ይዞ፣ የላዩ ክር ከግራና ከቀኝ ከታየ ውጥረቱ ልክ ነው፣ አትንኩት። የቦቢኑ ክር ወደ ላይ ብቅ ካለ ግን የላዩን ክር ውጥረት ትንሽ ቀንሱት፣ በአንድ ጊዜ ብዙ አይደለም።

ጨርቁ ለጥልፍ ከሚወጠርበት ፍሬም ሲወጣ ከተጨማደደ ግን ማሽኑን አትክሰሱ። ጨርቁን ለጥጣችሁ ነው ፍሬሙ ውስጥ ያስገባችሁት፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጥልፉ ግን አብሮት አይመለስም። ከሥሩ ማጠናከሪያ (ጨርቁን የሚያጸና ስስ ንጣፍ) አድርጉ፣ ጨርቁ ይወጠር እንጂ አይለጠጥ። ክር ቶሎ ቶሎ ከተበጠሰ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሱ።

«ጨርቁን ከኋላ ብስበው ይፈጥንልኛል።» አይፈጥንም። መርፌው ይታጠፍና ሳህኑን ይመታል። ማራመድ የጥርሶቹ ሥራ ነው፣ የእናንተ ሥራ መምራት ብቻ።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ክር ሳይኖር የእጅ መዘውሩ አሁንም አልዞር ካለ፣ መርፌው ማሽኑ ውስጥ ያለውን ብረት ከመታ ወይም የመቃጠል ሽታ ከመጣ፣ ያኔ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ስትሄዱ ፔዳሉንና የኤሌክትሪክ ገመዱን አትርሱ፣ የተበላሸውን ስፌትም ሳትተረትሩ ከነጨርቁ ያዙለት።