«የዘንዶው ራስና ጅራት»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

«የዘንዶው ራስ» እና «የዘንዶው ጅራት» የሚሉት ጥንታዊ አነጋገሮች በዓይን የሚታይ ኮከብ አያመለክቱም። የጨረቃ ምህዋር የመሬትን ምህዋር ጠለል (ምህዋሩ የተዘረጋበትን ጠፍጣፋ ገጽ) የሚያቋርጥባቸው ሁለት ነጥቦች ስሞች ናቸው፤ ጨረቃ ከደቡብ ወደ ሰሜን የምትሻገርበት ራስ፣ ወደ ደቡብ የምትመለስበት ደግሞ ጅራት ተብሏል።

አመጣጣቸው ከግርዶሽ ጋር የተያያዘ ነው። በጥንታዊው የሕንድ ትረካ አንገቱ የተቆረጠው ራሁ የተባለ ጋኔን ፀሐይንና ጨረቃን እያሳደደ ይውጣል፤ ቀሪው አካሉም ኬቱ ይባላል። በመካከለኛው ዘመን የዐረብ ሊቃውንት፣ ከእነርሱ የተማሩት የላቲን ጸሐፊዎችም ነጥቦቹን በዘንዶ ራስና ጅራት ይጠሯቸው ነበር። ትረካውን ተረት ነው ብሎ ማለፍ ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ በውስጡ ትክክለኛ ምልከታ አለና። የጨረቃ ምህዋር 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል፣ ጨረቃ በአብዛኞቹ ወራት ፀሐይንም የመሬትን ጥላም ሳትነካ ከላይ ወይም ከታች ታልፋለች፤ ግርዶሽ የሚሆነው አዲስ ወይም ሙሉ ጨረቃ ከሁለቱ ነጥቦች በአንዱ አቅራቢያ ስትውል ብቻ ነው። ጨረቃ ከዘንዶው ራስ ተነሥታ ወደዚያው እስክትመለስ የሚፈጀው 27.21 ቀን ዛሬም በሥነ ፈለክ «የዘንዶ ወር» ይባላል።

ዛሬ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የማንኛውንም ምህዋር አቀማመጥ ሲገልጹ የሚነሡት ከዚሁ «ራስ» ነው። የምህዋሩን ስፋትና ቅርጽ ማወቅ ብቻውን በሕዋ ውስጥ ወዴት እንደዞረ አይነግርም፤ ለዚያ ሦስት ማዕዘኖች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ምህዋሩ ከመነሻው ጠለል (ፀሐይን ለሚዞሩ አካላት ከመሬት ምህዋር ጠለል) ምን ያህል እንዳዘነበለ ይለካል፤ ሁለተኛው በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ ከምትታይበት አቅጣጫ ተነሥቶ እስከ መሻገሪያው ነጥብ፣ ማለትም እስከ «ራስ»፣ ይቆጠራል። እነዚህ ሁለቱ ጠለሉን ይወስኑታል፤ ሞላላው ምህዋር ግን በዚያ ጠለል ላይ ገና በፈለገው አቅጣጫ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ሦስተኛው ማዕዘን ከመሻገሪያው ነጥብ አንሥቶ፣ አካሉ በሚጓዝበት አቅጣጫ፣ ለፀሐይ እጅግ እስከሚቀርብበት ቦታ ይለካል። ሃሌይ የተባለውን ጅራታም ኮከብ ብንወስድ ዝንባሌው 162 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከ90 ማለፉ ብቻውን ኮከቡ ፀሐይን የሚዞረው ከፕላኔቶች በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን ይነግረናል። በመሬት ዙሪያ ለሚዞሩ ሳተላይቶች አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የምድር ወገብ ጠለል ነው።

መነሻዎቹ ራሳቸው ግን ጸንተው አይቆሙም። የጨረቃ መሻገሪያ ነጥቦች ወደ ምዕራብ እያፈገፈጉ በ18.6 ዓመት ሙሉ ዙር ያጠናቅቃሉ፤ የመጋቢቱ አቅጣጫም በ72 ዓመት 1 ዲግሪ ያህል ይንሸራተታል። በዚህ ምክንያት ከማዕዘኖቹ ጋር የተለኩበት ጊዜና የተመረጠው መነሻ አብረው ይጻፋሉ፤ በብዛት የሚሠራበት መነሻ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. መባቻ የነበረው ነው።