የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ቁልፍ ያዥ አይደለም

«ሥራው መጽሐፍ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው።» ስለ ትምህርት ቤት ላይብረሪያን በስሕተት ከሚባሉት ሁሉ የሚያናድደው ይህ ነው፤ ብዙ ርእሰ መምህራንም ያምኑበታል። ምንጩ ንብረት ክፍል ነው። መጽሐፍ እንደ ወንበር በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ፣ ወጪ ሆኖ ላይብረሪያኑ ፈርሞ ይረከባል። የጎደለ ሁሉ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ የሚፈራ ሰው ደግሞ ቁምሳጥኑን ይቆልፋል። ተማሪው በመስኮት ቆሞ የመጽሐፉን ስም ይጠይቃል። የ7ኛ ክፍል ልጅ አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ በስሙ ሊጠይቅ ከወዴት ያመጣል? የሚያውቀው መማሪያ መጽሐፉን ነው፣ እሱኑ ይጠይቃል። ከዚያ «የዘንድሮ ተማሪ አያነብም» ይባላል።

መፍትሔው ተማሪው ራሱ ገብቶ የሚመርጥበት ክፍት መደርደሪያ ነው፤ ግን ቁልፉን ከፍቶ መሄድ አይደለም። እያንዳንዱ ቅጂ መዝገብ ላይ የራሱ ተራ ቁጥር ያገኛል። ማኅተሙ ርእሱ ባለበት ገጽና አስቀድሞ በተወሰነ አንድ የውስጥ ገጽ ላይ ይመታል፤ ሽፋን ላይ ብቻ ከሆነ ሽፋኑ ሲገነጠል አብሮ ይሄዳል። መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው ጀርባው ላይ፣ መጻሕፍትን በየዘርፋቸው በቁጥር በሚለየው በዲውዪ አመዳደብ፣ ቁጥሩ ይለጠፋል፦ ሒሳብ 510፣ ፊዚክስ 530፣ ኬሚስትሪ 540፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963። ከቁጥሩ ሥር የደራሲው ስም ፊደላት ይጻፋሉ። የውጭ መመሪያ እንዳለ የገለበጡ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፤ የአባትን ስም ያስቀድማሉ። ደራሲው አበበ ከበደ ከሆነ ቦታው «አበበ» ነው፣ ተማሪውም የሚፈልገው በዚያው ነው። ካታሎጉ፣ ማለትም የመጻሕፍቱ መፈለጊያ ዝርዝር፣ በኮምፒውተር ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፦ በ«ፀሐይ» የተመዘገበ መጽሐፍ በ«ጸሀይ» ሲፈለግ ብዙ ጊዜ «የለም» ይላል። ስለዚህ የመጽሐፉ አጻጻፍ ሳይነካ፣ ሌሎቹ አጻጻፎች በተጨማሪ ርእስ ቦታ ይገባሉ።

ቦርሳ በር ላይ ይቀመጥ፣ የላይብረሪያኑ ጠረጴዛ መውጫው አጠገብ ይሁን። ይህም ሆኖ ጥቂት መጽሐፍ ይጠፋል። የክረምት ቆጠራ ያለው ለዚህ ነው፤ የጎደለው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ይቅረብ። ላይብረሪያኑን ማስከፈል ቁልፉን መልሶ ማስጨበጥ ነው።

«ስልክ እያለ ላይብረሪያን ምን ያደርጋል? ቴሌግራም ላይ ሁሉም አለ።» አለ፣ የትኛው እንደሆነ ግን ማን ይለይለት? ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ በኋላም የድሮው መጽሐፍ ፒዲኤፍ ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ይዞራል። ሽፋኑ ላይ «2015» ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ቅርብ ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ግን የድሮው ነው። ላይብረሪያኑ ከመምህሩ ጋር ተነጋግሮ ከአንድ ክፍለ ጊዜ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ተማሪዎች ያወረዱትን ፋይል ከፍተው አዘጋጁን፣ ዓመቱንና የምዕራፎቹን ዝርዝር ከታተመው መጽሐፍ ጋር ያስተያያሉ። ቻትጂፒቲ የጠቀሰላቸውን መጽሐፍም እንዲሁ ካታሎግ ላይ ይፈልጉታል፤ በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ በሙሉ ልብ ሲጠቅስ ያያሉ። ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው በኪዊክስ ፕሮግራም የወረደ ውክፔዲያ ከአንድ ላፕቶፕና ከአንድ ራውተር ለክፍሉ ይዳረሳል። ይህንንም የሚያሰናዳው ያው «ቁልፍ ያዥ» ነው።

«ጥሩ ላይብረሪ ጸጥ ያለ ነው።» ግማሹ ጸጥ ይበል፣ በግማሹ የቡድን ሥራ ይሠራ።

«ማስተማር ያቃተው መምህር እዚያ ይመደብ።» አይመደብ።

«መጽሐፍ አይወገድም።» የሻገተ መጽሐፍ ሻጋታውን ለጎረቤቱ ያጋባል፤ በጊዜ ይውጣ።

«የተለገሰ አይመለስም።» ይመለሳል እንጂ! ከውጭ አገር መጻሕፍት የምትልኩ ወገኖች፣ ካርቶኑን ከማሸጋችሁ በፊት ዝርዝሩን ላኩ፦ ርእስ፣ የታተመበት ዓመት፣ ለስንተኛ ክፍል እንደሆነ። ርዝመትን በኢንችና በጫማ የሚያስተምር የሒሳብ መጽሐፍ በሜትር ለሚፈተን ልጅ አይጠቅመውም። ላይብረሪያኑ የሚፈልገውን መርጦ ይነግራችኋል፤ ከማጓጓዣው በሚተርፈው እዚሁ የታተሙ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ የልጆች መጻሕፍት ይገዛበታል።