«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ እግሩን ማን ሠራለት?

«አሁኑኑ ይሁንልኝ» ለሚል ሰው ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ይህ ተረትና ምሳሌ ነው። ሱቅ ከፍቶ ገበያ ለጠፋበት፣ ትምህርቱ አልገባ ላለው፣ ለሁሉም ይባላል። ታገስ፣ ይደርሳል ነው ነገሩ።

መነሻው ከዶሮ ማርቢያው ነው። ዶሮዋ ትታቀፋለች፤ በ21 ቀን ገደማ ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣና ይራመዳል። ግን አውራ ዶሮ ያልደረሰበት እንቁላል የቱንም ያህል ቢታቀፍ ይገማል እንጂ እግር አያወጣም። ይህን ባላገሩ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ምሳሌው «ዝም ብለህ ጠብቅ» ማለት አይመስለኝም። ውስጡ ሥራ ላለበት ነገር የተባለ ነው።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። በሁለተኛው ቀን ልብ መምታት ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ግድም ከጽንሱ ጎንና ጎን አራት ጥቃቅን ጉብታዎች ብቅ ይላሉ። ሁለቱ ክንፍ፣ ሁለቱ እግር ይሆናሉ፤ መጀመሪያ ላይ ግን በዓይን መለየት ያስቸግራል። የሚለያቸው ውስጣቸው የሚሠራው ጂን፣ ማለትም አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ የዘር መመሪያ ነው። ከፊት ቲቢኤክስ5፣ ከኋላ ፒትኤክስ1 እና ቲቢኤክስ4 የሚባሉ ጂኖች ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎቹ ማልኮም ሎጋን እና ክሊፍ ታቢን ፒትኤክስ1ን በቫይረስ አሸክመው ክንፍ ወደሚሆነው ጉብታ አስገቡት። ክንፉ የእግር መልክ ያዘ፤ ጣቶቹ ሳይቀሩ የእግር ጣት መሰሉ። አንዲት ጂን ናት ይህን ያደረገችው!

«ቀስ በቀስ» የሚለውን ደግሞ ተመራማሪው ጆን ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1948 በዓይን አሳይቶናል። በክንፍ ጉብታ ጫፍ ላይ ያለችውን ስስ ጠርዝ ቆርጦ አነሳት። ገና በጠዋቱ ሲያነሳት የተሠራው የላይኛው አጥንት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ዘግየት ብሎ ሲያነሳት ግን ክርኑም ክንዱም ወጥቶ የጎደለው ጫፉ ሆነ። እግርም በዚሁ ተራ ነው የሚሠራው። ጭን ይቀድማል፣ ቅልጥም ይከተላል፣ ጣት መጨረሻ ይመጣል። ጠርዟ ኤፍጂኤፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች እያመነጨች ከሥሯ ያሉት ሕዋሳት እድገታቸውን እንዲቀጥሉ ታደርጋለች።

እነዚህ ጂኖች እኛም ውስጥ አሉ። ቲቢኤክስ5 የሰውን ክንድ ያስጀምራል፤ በልብ አሠራርም እጁ አለበት። እሱ ሲበላሽ ሕፃኑ በአውራ ጣት ወይም በክንድ ጉድለት፣ ብዙ ጊዜም ልቡ ላይ ቀዳዳ ኖሮት ሊወለድ ይችላል። ይህን ችግር ሆልት ኦራም ይሉታል። ሐኪም እንዲህ ያለ አውራ ጣት ሲያይ የልጁን ልብ ጭምር የሚመረምረው ለዚህ ነው።