በሰሜን ሸዋ የባቄላ ማሳን ከበሽታና ከተባይ መጠበቅ

ባቄላ በሰሜን ሸዋ ደጋ ከገብስና ከስንዴ ጋር እየተፈራረቀ የሚዘራ ዋነኛ የጥራጥሬ ሰብል ነው። አኩሪ አተር ሙቀት ስለሚወድ እንደ ፓዌ ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ይለመዳል። ውርጭ በሚወርድበት በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በመንዝ ግን ሽሮው፣ ክኩና እሸቱ ከባቄላ ነው። በሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር እየያዙ ስለሚያስቀሩ ተከታዩ ገብስ ይፋፋል። ስለዚህ ባቄላ ሲታመም ጉዳቱ በአንድ ዓመት ምርት አያበቃም። ገበሬው ባቄላን ትቶ ገብስ በገብስ ላይ ሲደራርብ መሬቱም ይደክማል።

በአካባቢው ትልቁ ስጋት ቆርምድ የተባለው በሽታ ነው። በኢትዮጵያ የታወቀው ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሲሆን የሰሜን ሸዋ ደጋ ቀድመው ከተጎዱት አንዱ ነው። ስያሜው የወጣው ከምልክቱ ነው፤ ቅጠሉ ይቆረመዳል። ከታመመው ተክል አንድ ቅጠል ቀጥፎ ለተመለከተ በአንዱ ፊት የተሰረጎደ፣ በሌላው ፊት ኪንታሮት መስሎ ያበጠ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። ውሎ አድሮ እብጠቱ ቡናማ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ተክሉም ድንክ ሆኖ ይቀራል። ገና በለጋነቱ የተያዘ ማሳ ለአበባ ሳይበቃ ሊቀር ይችላል።

መንስኤው ለዓመታት ኦልፒዲየም የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ነው ሲባል ቆይቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን በኢትዮጵያ በሽታውን የሚያመጣው ፊዞደርማ መሆኑን አስታወቀ። ስሙ ቢለወጥም ለገበሬው ጠባዩ ያው ነው። በአፈርና በሰብል ቅሪት ውስጥ ተደብቆ ይከርማል፤ ክረምት ሲገባ ስፖሮቹ (የሚራባባቸው ደቂቅ ዘሮቹ) በውሃ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ጎርፍ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ይወስዳቸዋል። አንድ ገበሬ ብቻውን የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ከተራራው ጎን ያለው ጎረቤቱ ካልተባበረው ድካሙ የግማሽ ነው። በሽታውን በየቤቱ ሳይሆን በተፋሰስ ደረጃ መከላከል ይበጃል የምለው ለዚህ ነው።

የታመመ ማሳ ላይ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ገብስ፣ ስንዴ ወይም ተልባ ማፈራረቅ፣ ዘርን ካልታመመ ማሳ መምረጥ፣ ቅሪቱንም ከማሳው ማራቅ ዋናዎቹ መንገዶች ናቸው። «ቅሪቱን አቃጥሉ» የሚለው ምክር ግን ለመንዝ ሰው ይከብዳል፤ የባቄላ ገለባ የበጉ ቀለብ ነውና። የሚሻለው ገለባውን በወቅቱ ሰብስቦ ግቢ ውስጥ ከምሮ ማብላት፣ አውድማውንም ከሚቀጥለው ዓመት የባቄላ ማሳ ማራቅ ነው። ምልክቱ እንደታየ ባይለቶን የተባለውን ፀረ ፈንገስ መርጨት ይረዳል። ማሳው ሙሉ በሙሉ ከተቆረመደ በኋላ የሚረጭ ግን ገንዘብ ከማባከን አያልፍም።

ቸኮሌት ስፖት የተባለው የቅጠል በሽታ የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም፣ ዝናብና ጉም ሲበዛ ነው። ቅጠሉ ላይ እንደ ቡና ጠብታ ያሉ ትንንሽ ነጥቦች ይወጣሉ፤ እርጥበቱ ከቀጠለ እርስ በርስ ተያይዘው ማሳውን በጥቂት ቀናት ያጠቁሩታል። ገበሬው ብዙ ጊዜ «ምች መታው» ይላል። በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት በቀላሉ በሚጠቃ ዝርያ ላይ እስከ 61 በመቶ የምርት ጉዳት መዝግቧል። ማንኮዜብ የተባለው ፀረ ፈንገስ የሚሠራው ቅጠሉን ቀድሞ ሸፍኖ ስለሆነ መረጨት ያለበት ነጥቦቹ ሳይስፋፉ ነው፤ ከባድ ዝናብ ካጠበውም ይደገማል። አራርቆ መዝራትና ባቄላን ከአተር ወይም ከእህል ጋር መቀላቀል የነጥቡን ፍጥነት ይቀንሳል።

የሞረትና ጅሩ ወረዳ ችግር ሌላ ነው። በመረሬ (በጥቁር ሸክላማ) አፈር ላይ ውሃ ሲተኛ ሥር አበስብስ የተባለው በሽታ ይነሳል። ከዳር ሆኖ ሲያዩት ባቄላው የተጠማ ይመስላል፤ ሲነቅሉት ግን ያለ ትግል ይመጣል፣ ሥሩም ከሰል መስሎ ይወጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ቦይ ነው። በእነዋሪ ዙሪያ ገበሬው ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋፊ መደብና ቦይ ሲሠራ ኖሯል። ይህ ዕውቀት ከማንኛውም ኬሚካል በላይ ባቄላና ስንዴ አትርፏል፤ ሊከበርም ይገባዋል። ውሃ ለሚያቁር መሬት የወጣው ዋልኪ የተባለው ዝርያም ከቦይ ጋር ሲዳመር ጥሩ ነው። ዋግ የተባለው የቅጠል በሽታ ወደ ወቅቱ ማብቂያ ስለሚመጣ ዘግይቶ በተዘራ ማሳ ላይ ይከፋል።

ከነፍሳት ተባዮች ክሽክሽ የተባለው ጭማቂ መጣጭ ደቂቅ ነፍሳት ዝናብ ሲቆራረጥ ለጋውን ጫፍ ይወርራል፤ አተርና ምስር ላይ ደግሞ ይብሳል። ከመርጨት በፊት ክሽክሹን የምትበላዋ ነጠብጣባም ቀይ ጥንዚዛ በብዛት መኖሯን ማየት ያስፈልጋል። መርዙ እሷንም ይጨርሳታል። ጓይ ትል ደግሞ ፍሬ የያዘውን ቆብ በስቶ ፍሬውን ይበላል። ትሉ ካደገና ቆብ ውስጥ ከገባ ርጭት ስለማይደርስበት አበባ ከጀመረ ወዲህ ማሳውን በየሳምንቱ ማሰስ ይገባል። ባቄላ በንብ ስለሚዳቀልም አበባ ላይ ያለ ማሳ በቀትር አይረጭም፤ ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ቀፏቸው ሲመለሱ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን።

ቆላማው ወገን፣ የምንጃር ሽምብራና የቀወት ማሾ፣ ከአጨዳ በኋላም ነቀዝ ይጠብቃቸዋል። ፍሬውን መዳፍ ላይ ዘርግቶ ለፀሐይ ሲያዞሩት ከልጣጩ ላይ የተጣበቁ ነጫጭ ነጥቦች ከታዩ እንቁላሎቹ ናቸው። ፍሬውን በደንብ አድርቆ፣ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ከውስጥ ባለው ፒክስ በተባለው የእህል ማከማቻ ከረጢት ውስጥ አየሩን አስወጥቶ አጥብቆ ማሰር ነቀዙን ያለ መርዝ አፍኖ ይገድለዋል። ከረጢቱን በየቀኑ መክፈት ግን አየር ስለሚያስገባ ለዕለት ፍጆታ የሚሆነውን ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።